የማይስማማት ነገር

ሽፍታ የወጣብኝ ቅዳሜ ቀን ነው። ቅዳሜ መሆኑን የማልረሳው የአባቴ ፀጉር ቤት በሰው ጢም ብሎ ስለነበር ነው። አባቴ ፀጉር አስተካካይ ነበር። የቤታችን የፊተኛው ክፍል የእሱ ሱቅ ነው፤ ከመጋረጃው በስተጀርባ ያለው ደግሞ የእኛ፤ የእኔ፣ የእናቴ፣ የአባቴ እናት የሆነችው የአያቴ፣ እና የአያቴ ድመት።

ከሰዓት በኋላ ጓሮ ስጫወት ሆዴን አሳከከኝ። አከክኩት። እሱን ሳክክ ክንዴም ጀመረኝ፤ ክንዴን ሳክክ አንገቴ ተራውን ጠየቀ። ሮጬ ገባሁና መጋረጃውን ገልጬ፣ ከትልቁ መስታወት ፊት ቆሜ ቀሚሴን ወደ ላይ ሰበሰብኩ። ሰውነቴ ቀይ በቀይ ሆኗል። አንዳንዱ እብጠት ምስር ያህላል፣ አንዳንዱ የሸሚዝ ቁልፍ፤ ሆዴ ላይ ያለው እርስ በርሱ ተያይዞ ካርታ ሠርቷል።

ወንበሩ ላይ ፊቱን በአረፋ ተለቅልቆ የተቀመጠው ደንበኛ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ።

"ኧረ ጉድ! ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው?"

አባቴ ምላጩን አየር ላይ እንደያዘ ዞረ። ሰው ፊት ሲደነግጥ አፉ ላይ የመጣለትን የሚናገር ሰው ነው።

"ምንም አይደለም፤ ትኋን ይሆናል" አለ።

አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ እኩል ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ያልተነሱት ሰዓት ሠሪው ብቻ ናቸው። ከመንገዱ ማዶ ትንሽ የሰዓት መጠገኛ ያላቸው፣ ሚስታቸው ከሞተችባቸው ብዙ ዘመን የሆናቸው ሽማግሌ ነበሩ። የሰፈሩ ልጆች ጋሽ ሰዓት እንላቸዋለን። ራሳቸው እንደ እንቁላል ልስልስ ያለ መላጣ ነው፤ ከጆሮ እስከ ጆሮ ጥቂት ነጭ ፀጉር ዙሪያውን ቀርቷል። ሌላው ሰው በወር አንዴ ሲመጣ እሳቸው ያቺኑ ለማስተካከል ሲያሰኛቸው በሳምንት ሁለቴ ይመጣሉ። "ደንበኛ ማለት እንደ ጋሼ ነው፤ ፀጉር እንኳ ሳይኖረው የሚመጣ!" ይል ነበር አባቴ በኩራት።

ጫጫታውን ሰምታ እናቴ ከጓሮ መጣች። ክንዴን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችኝ።

"ሽፍታ ነው" አለች።

እኔ እስከዚያ ቀን የማውቀው ሽፍታ ጠመንጃ ታጥቆ ጫካ የሚገባውን ነው። በድንጋጤ ወደ በሩ ዞሬ፣ "የታለ?" አልኩ።

"አንቺ ላይ ነዋ!"

ይሄ ደግሞ የባሰ አስፈሪ ሆነብኝና ቤቱን በለቅሶ አናጋሁት። አረፋ የተቀባው ሰውዬ ግማሽ ፊቱ ሳይላጭ ፎጣውን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ወጥቶ ሄደ።

በማግስቱ ያ ሁሉ እብጠት እንደ ጉም በኖ ጠፋ። ከሰዓት በኋላ ግን ተመልሶ መጣ፤ አሁን ጀርባዬና ጭኔ ላይ። እንዲህ እየሄደ፣ እየመጣ፣ ቦታ እየቀያየረ ስለቆየ እናቴ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ መነጽሯ በየቃሉ ወደ አፍንጫዋ ጫፍ ይንሸራተታል። ጀርባዬን አየችና በተዘጋ እስክሪብቶ ጫፍ አንድ መስመር አሰመረችበት። ትንሽ ቆይቶ መስመሩ ቀልቶ እንደ ገመድ ተነሳ። እናቴ "ውይ!" አለች። እኔ ጀርባዬን ማየት ስላልቻልኩ ዶክተሯ ክንዴ ላይ ደገመችልኝ። ከሁሉም ነገር የወደድኩት ይሄን ነው። በዚያው ሳምንት ትምህርት ቤት ውስጥ ክንዴ የክፍሉ ጥቁር ሰሌዳ ሆነ። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ለሒሳብ ፈተና የማባዣ ሰንጠረዡን በጥፍሩ ቆዳዬ ላይ ጻፈ፤ የሰባቱ ተራ ጋ ሲደርስ የስድስቱ ደበዘዘበት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አኩርፎኝ ነበር።

ወደ ዶክተሯ ልመለስ። መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ለእናቴ እንዲህ አለቻት፦

"የማይስማማት ነገር አለ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ እዚያው ቤት ውስጥ ነው የሚገኘው።"

"ምን ሊሆን ይችላል?"

"ምግብ ይሆናል፣ ሳሙና ይሆናል፣ የምትለብሰው፣ የምትተኛበት፣ እንስሳ... ጭራሽ ላይታወቅም ይችላል። አንድ በአንድ ከቤት እያወጣችሁ እዩት። ሲወጣ ከተሻላት በቃ፣ ጥፋተኛው እሱ ነው።"

ሽሮፕ አዘዘችልኝ። እናቴ አመሰገነችና ወጣን። መንገድ ላይ እጄን ይዛ ስለ ሳሙናና ስለ እንቁላል ታወራልኛለች፤ እኔ ግን የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እቤታችን ውስጥ ከእኔ ጋር የማይስማማ አለ።

አይፈረድብኝም። በእኛ ቤት ቋንቋ "አልተስማሙም" የሚባለው ስለ ሰው ነው። የጎረቤታችን ልጅ ባሏን ፈትታ ስትመጣ እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "አልተስማሙም አሉ" ብላ ነበር። አባቴም ከቀድሞ ሸሪኩ ጋር ሱቁን የተካፈሉት ስላልተስማሙ ነው። አለመስማማት ማለት ዕቃ ተሸክሞ መውጣት ማለት ነው። ስለዚህ ቤት እንደገባሁ ምርመራዬን ጀመርኩ።

"አባዬ፣ እኔና አንተ እንስማማለን?"

"በጣም እንጂ! ምነው ሚጣዬ?"

"እማዬ፣ እኔና አንቺስ?"

"ፀጉርሽን ሳበጥርሽ ዝም ካልሽልኝ እንስማማለን።"

አያቴ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን በቅባት እያሸች ነበር። እሷንም ጠየቅኳት።

"እማማ፣ አንቺስ ከእኔ ጋር ትስማሚያለሽ?"

"እኔ ከዚህ ከጉልበቴ ጋርም አልተስማማሁ፣ የኔ እናት" አለችና ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። ከሦስቱ መልሶች በደንብ ያልተመለሰው ይሄ ብቻ መሆኑን ልብ አልኩ። እኔና አያቴ ደግሞ የምንተኛው አንድ አልጋ ላይ ነው።

የማውጣቱ ሥራ በእንቁላል ተጀመረ። እናቴ ሳህን ሙሉ እንቁላል ከመደርደሪያው አነሳችና "ለጋሽ ሰዓት ስጡልኝ፤ ብቻቸውን ናቸው" አለች። አያቴ ናት ያደረሰችው። ሽፍታው ግን አልተወኝም። ቀጥሎ የልብስ ሳሙናው ተቀየረ፤ የቀረው ዱቄት መንገዱን ተሻግሮ ጋሽ ሰዓት ጋ ሄደ። ሽፍታው ባሰበት። ከዚያ የበግ ፀጉር ብርድ ልብሳችን ወጣ። ጋሽ ሰዓት "እኔም ብርዳም ነኝ፤ ይምጣ!" አሉ፤ እሱንም አያቴ ተሸክማ ወሰደችላቸው።

አንድ ሳህን እንቁላል ከመንገዱ ማዶ ለማድረስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ በዚያን ጊዜ አስቤው አላውቅም። አያቴ ግን ለእንቁላሉ ከምሳ በኋላ ወጥታ የተመለሰችው መብራት ሲበራ ነው። ለብርድ ልብሱ ጊዜማ ፀጉሯን ተሠርታ፣ አዲሱን ጫማዋን አድርጋ ነበር የሄደችው። "ለብርድ ልብስ ጫማ ይቀየራል እንዴ?" ብዬ ስጠይቃት "መንገዱ አቧራ ነው" አለችኝ። ስለ አቧራ አዲስ ጫማ እንደማይደረግ የገባኝ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው።

የፀጉር ቤቱን ወንበር ነገርም የተረዳሁት እንደዚሁ ዘግይቼ ነው። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው መጋረጃው ትንሽ ገለጥ ካለ በመስታወቱ ውስጥ ጓሮአችንን ማየት ይችላል። ጓሮው ውስጥ ደግሞ ከሰዓት ከሰዓት አያቴ ፀሐይ ትሞቃለች። ጋሽ ሰዓት ለማይኖር ፀጉራቸው በሳምንት ሁለቴ የሚመጡት ለዚያ ነበር። አባቴ ማበጠሪያውን ይዞ በባዶው ራስ ላይ እየዞረ "ጋሼ፣ ትንሽ ወደ ግራ" ሲላቸው፣ እሳቸው ከመስታወቱ ንቅንቅ የማይሉት ስለዚያው ነው።

በመጨረሻ የድመቷ ተራ ደረሰ። እናቴ በቀስታ፣ ሰው እንዳያለቅስ በሚነገርበት ድምፅ፣ "እማማ፣ እንግዲህ ለጥቂት ቀን ድመቷን እንሞክር?" አለቻት። አያቴ ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ቶሎ እሺ አለች። ጋሽ ሰዓት በካርቶን ይዘዋት ሄዱ፤ እንድትተነፍስ ጎን ጎኑን በወስፌ በስተውላታል። ከዚያ በኋላ አያቴ በየቀኑ "ድመቷን ልጠይቅ" እያለች መንገዱን ትሻገራለች። ይሄ ሁሉ ሲሆን እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የተገነዘብኩት፤ ከእኔ ጋር የማይስማማውን ነገር ሁሉ እየወሰዱ የሚሰበስቡት ጋሽ ሰዓት ናቸው።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አባቴ ሱቁን ዘግቶ ፀጉር ይጠርጋል፤ እናቴ ፎጣዎቹን ታጥፋለች። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ጀርባዬን በበሩ መቃን ላይ እንደ አህያ እፈትጋለሁ። አባቴ መጥረጊያውን አቆመ።

"እና እናቴ ከዚህ ቤት ትውጣ ነው የምትይኝ?"

መፈተጌን አቆምኩ።

"እኔ ይውጡ አላልኩም" አለች እናቴ። "መውጣታቸው ካልቀረ ግን በደስታ ይውጡ ነው ያልኩት።"

"ሰው ምን ይላል? በዚህ ዕድሜዋ!"

"ሰው ሁልጊዜ ይላል። እሳቸው ራሳቸው ምን አሉህ?"

"'ለልጅቷም አልጋው ይሰፋላታል' አለችኝ። እንደ ቀልድ!" መጥረጊያው እንደገና ወለሉን በኃይል መታው። "እሁድ ሊመጡ ነው።"

"እነማን?"

"ጋሼ ናቸዋ! ሊወስዷት!"

እንቁላሉ፣ ሳሙናው፣ ብርድ ልብሱ፣ ድመቷ፤ አሁን ደግሞ አያቴ። አልጋው እንዲሰፋልኝ። በእኔ የተነሳ አሮጊቷን ከቤት ሊያወጧት ነው! የት ያስቀምጧታል? ሰዓት ቤቱ አንድ ጠረጴዛና ግድግዳ ሙሉ ሰዓት እንጂ ቦታ የለውም። (ከኋላው ሁለት ክፍል ቤት እንዳለው አላውቅም ነበር።)

ማድረግ የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መዳን። እስከ እሁድ ከዳንኩ አያቴን ማውጣት አያስፈልግም።

በማግስቱ ጠዋት "ተሻለኝ" አልኩ። "አያሳክከኝም" አልኩ። ሙቀቱ ድመት የሚያቀልጥ ሆኖ ሳለ ረጅም እጅጌ ያለውን የሱፍ ሹራቤን ለበስኩ። እናቴ ግንባሬን ዳሰሰችና "ብርድ ብርድ ይልሻል?" ስትለኝ፣ "ያምርብኛል" አልኳት። ሹራቡ በራሱ የሚያሳክክ ነገር ስለነበር አሁን ሽፍታው የቱ ጋ እንደሚያልቅ፣ ሹራቡ የቱ ጋ እንደሚጀምር መለየት አቃተኝ። ምሳ ላይ ሁለቱን እጆቼን ቂጤ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ። እናቴ "በምን ልትበዪ ነው?" አለችኝ። አንዱን አወጣሁ። ያወጣሁት እጅ ሳላዘው ወደ አንገቴ ሄደ፤ መንገድ ላይ ያዝኩትና ፀጉሬን ያስተካከልኩ መሰልኩ። ክፍል ውስጥ መምህሩ እየተቁነጠነጥኩ ሲያዩኝ ሽንት የያዘኝ መስሏቸው ሳልጠይቅ "ውጪ" ይሉኛል፤ እኔም ወጥቼ ከግንብ ጋር እታገላለሁ። አንድ ቀን ከንፈሬ አብጦ እንደ ቲማቲም ሲንጠለጠል "ንብ ነደፈኝ" ብዬ አለፍኩት።

አያቴ ብታየኝ ኖሮ ወዲያው ታውቅብኝ ነበር። ያን ሰሞን ግን ልቧ ከመንገዱ ማዶ ነበር። አልጋ ላይ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ከነሹራቤ ስተኛ፣ "የኔ ብርዳም" ብላ ጀርባዬን መታ መታ ታደርገኛለች። እያንዳንዷ መታ መታ ምን ያህል እንደምታሳክክ የሚያውቅ ሽፍታ ወጥቶበት የሚያውቅ ብቻ ነው።

ድኛለሁ ማለቴ ግን ያላሰብኩትን ነገር አመጣ። እናቴ እጇን አጨበጨበች።

"አገኘነው! ድመቷ ናት!"

"አይደለችም" አልኩ።

"እንዴት አይደለችም? እሷ ከወጣች አይደል የተሻለሽ? በቃ፣ ድመት እዚህ ቤት አይገባም። ሽሮፑንም እናቁመው።"

አያቴ ቀና ብላ፣ ፊቷ ላይ የማላውቀው ዓይነት ፈገግታ እየታየ፣ "እንግዲህ ድመቷ ካልመጣች እኔ ነኛ የምሄድ" አለች። እናቴ ሳቀች። አባቴ ተነስቶ ወደ ሱቁ ገባና በባዶ ቤት መቀስ ሲያንቀጫቅጭ ተሰማ። እኔ ደግሞ በገዛ አፌ አንዷን ንጹሕ ድመት አስፈርጄ፣ አያቴን ገፍቼ እያስወጣሁ መሆኔን ዐወቅኩ።

እሁድ ደረሰ። ሽሮፕ ከተውኩ ወዲህ ሽፍታው የልቡን አግኝቶ ከአንገቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሰፍሯል። ጋሽ ሰዓት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ያቺን ዙሪያ ፀጉር ውሃ ቀብተው መጡ። ከአንዲት ጠና ያሉ፣ እንደሳቸው ረዘም ካሉ እህታቸው ጋር ናቸው፤ እህትየዋ በፌስታል ብርቱካን ይዘዋል። እኔ መጀመሪያ ያየሁት እጃቸውን ነው። ካርቶን አልያዙም። አያቴ ካርቶን ውስጥ እንደማትገባ ገብቷቸዋል ማለት ነው፤ በእግሯ ሊወስዷት ነው።

ሰው የሚቀመጥበት ሌላ ቦታ ስላልነበረ እንግዶቹ የፀጉር ቤቱ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አያቴ ከጎናቸው በርጩማ ላይ፤ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላለች። አባቴ ቆሞ ንጹሑን ማበጠሪያ በፎጣ ይወለውላል። ለረጅም ጊዜ ስለ አየሩ ሁኔታ ተወራ። ከዚያ እህትየዋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንግዲህ የመጣንበትን ሳታውቁት አትቀሩም። ወንድሜ ብቻውን ነው። እሳቸውም ፈቃደኛ ናቸው። ወደ ቤታችን እንድንወስዳቸው..."

ከዚህ በላይ መስማት አልቻልኩም። መጋረጃውን ልገነጥለው ምንም ሳይቀረኝ ወጣሁ።

"አያቴ አይደለችም!" አልኩ። "ድመቷም አይደለችም! ዋሽቼ ነው! ይኸው እዩት!"

እንዲያዩት ሹራቤን ወደ ላይ ገፈፍኩት። ሹራቡ ግን ራሴ ላይ ሲደርስ ታንቆ ቀረ። ሁለት እጄ ወደ ላይ፣ ራሴ ሱፍ ውስጥ፣ ከወገቤ በላይ ያለው ቀይ ሰውነቴ ለእንግዳ ተሰጥቶ፣ ከጨለማው ውስጥ ሆኜ መጮሄን ቀጠልኩ።

"ከእኔ ጋር እንስማማለን! እሷን አትውሰዷት! እኔ ልውጣላችሁ፣ ጋሽ ሰዓት እኔን ውሰዱኝ!"

የእህትየዋ ድምፅ ተሰማኝ፤ "ውይ! ይቺ ልጅ እከክ አለባት እንዴ?"

"አይተላለፍም!" ጮኸች እናቴ። ያን ሰሞን ለማንም ሰው ከሰላምታ በፊት የምትናገረው ይሄንኑ ነበር። "አለርጂ ነው፣ አይተላለፍም!"

ሁለት እጆች ሹራቡን ከራሴ ላይ ፈልቅቀው አወጡት። አያቴ ፊቴ ተንበርክካለች፤ ያ የማይስማማት ጉልበቷ ሲንቋቋ ሰማሁት።

"ማነው እኔ አልስማማሽም ያለሽ?"

"ዶክተሯ!" አልኩ። "ቤት ውስጥ የማይስማማት አለ፣ አውጡትና እዩት አለች። አባዬም ትውጣ፣ አልጋው ይስፋላት አለ። የሚወስዱትም ጋሽ ሰዓት ናቸው። እንቁላሉንም እሳቸው፣ ብርድ ልብሱንም እሳቸው፣ ድመቷንም..."

ከዚያ ከአባቴ በኩል የሆነ ድምፅ መጣ። ያመመው መስሎኝ ነበር። ማበጠሪያው ከእጁ ወደቀ፤ ወንበሩን ተደግፎ፣ ትከሻው እየተርገፈገፈ ይስቃል። ለሳምንታት ጥርሱን አይተንለት አናውቅም።

"ጋሼ" አለ እንባውን እየጠረገ፣ "እውነቷን እኮ ነው! ቤቴን ሙልጭ አድርገው ወሰዱት! እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ዘመን የሌለ ፀጉር ሳበጥር..."

ጋሽ ሰዓት እስከ ራሳቸው ጫፍ ቀሉ፤ መላጣ ሰው ሲያፍር ብዙ ቦታ ነው የሚቀላው።

"ጢሜ ግን እውነተኛ ነበር፣ ልጄ" አሉ በቀስታ።

ይሄን ጊዜ እህትየዋም፣ እናቴም፣ ሁሉም ሳቁ። እኔ ብቻ የሚያስቀው አልገባኝም። አያቴ ፊቴን በመዳፏ ያዘችው።

"የኔ እናት፣ ስሚኝ። ማንም አላወጣኝም። እኔ ነኝ ልሂድ ያልኩት።"

"በግድ?"

"ወድጄ።"

ይሄ ከሁሉም የባሰ ነበር። ሊያስወጧት የሚመጡትን ለመከልከል ተዘጋጅቼ ነበር፤ ሹራብ ለብሼ፣ እጄን ሥሬ አድርጌ፣ ዋሽቼ። ወድጄ የሚል ሰውን ግን በምን ይከለክሉታል? አፌን ከፍቼ አየኋት። እሷም አየችኝ፤ እንደማትስቅብኝ አወቅኩ።

"መንገዱን ተሻግሬ ነው እኮ" አለች። "ከበራችሁ ሆነሽ ብትጠሪኝ እሰማለሁ።"

"እዚህ ሆነሽ ብጠራሽ ግን የበለጠ ትሰሚኛለሽ።"

ጠባብ ትከሻዬን፣ ያን ሁሉ እብጠት፣ ደረቷ ላይ አስጠጋችው። አባቴም ማበጠሪያውን ከመሬት አንስቶ፣ እናቱን ሳይሆን ማበጠሪያውን እያየ፣ "በሉ እሺ" አለ። የሰርጉ ፈቃድ ይሄው ነበር።

ሰኞ ጠዋት እናቴ እየጎተተች ዶክተሯ ጋ መለሰችኝ። ዶክተሯ ታሪኩን ሰምታ መነጽሯ እስኪወድቅ ሳቀች፤ ቀጥላም ለእናቴ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እንደማይገኝ፣ አንድ ቀን ደግሞ እንደመጣው እንደሚሄድ ነገረቻት። እንደዚያም ሆነ። ከብዙ ወራት በኋላ እያከክኩ አለመሆኔን ልብ አልኩ፤ መቼ እንደቆመ እንኳ አላስታውስም። እንቁላሉ አልነበረም፣ ሳሙናው አልነበረም፣ ድመቷም አልነበረችም። እናቴ እስካሁን ሽፍታ የሚል ቃል ስትሰማ ብርድ ልብሱን ትጠረጥራለች፤ ምንም ማስረጃ የላትም።

አያቴ የሄደችበት ቀን ደመናማ ነበር። ሻንጣዋን አባቴ ያዘ። እኔና እናቴ በሩ ላይ ቆምን። የሚሄዱት ማዶ ነው፤ ከዚህ ሆነው ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስበት። እንደዚያም ሆኖ አባቴ ሻንጣውን እንደ ሩቅ አገር መንገደኛ ትከሻው ላይ አድርጎታል። መንገዱ ጠርዝ ሲደርሱ አያቴ ቆመች፣ የአባቴን እጅ ያዘች፣ ግራና ቀኙን አየች። ጢም ያለውን፣ በቁመት አንድ ራስ የሚበልጣትን ሰው እንደ ሕፃን እጁን ይዛ አሻገረችው።

ብቻውን ሲመለስ መኪና መምጣት አለመምጣቱን አላየም።

ገብቶ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። እዚያ ላይ ተቀምጦ አይቼው አላውቅም ነበር። መስታወቱን ሳይሆን እጆቹን ያያል።

"ሚጣ፣ ነይ እስቲ አበጥሪኝ" አለኝ።

በርጩማ አምጥቼ ከኋላው ቆምኩ። ፀጉሩ ለካ አናቱ ላይ ሳስቷል። እንዳያመው ቀስ እያልኩ አበጠርኩት። ቀና ብዬ በመስታወቱ ውስጥ ሳየው ዓይኖቹ ቀልተው ውሃ ሞልተዋል።

"አባዬ፣ ምን ሆንክ?"

"ምንም። ፀጉር ገብቶብኝ ነው።"

አመንኩት። ፊት ለፊቱ ዞሬ፣ የዓይኑን ሽፋን በጣቶቼ ከፍቼ፣ ጉንጬን ሞልቼ ደጋግሜ እፍ አልኩለት። እሱም እስክጨርስ ቁጭ አለልኝ። ሱቁ ግን ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ዝግ ነበር፤ አንድም ሰው ፀጉሩን አልተቆረጠም።